«ጎዶሎ ሙሉ ቁጥር» ይባላል?

ጥያቄ፦ ኮምፒውተር አስተምራለሁ። ከነምልክቱ (+ ወይም −) በ32 ቢት፣ ማለትም በ32 የ0 ወይም የ1 ቦታዎች፣ የሚያዘውን ትልቁን ቁጥር፣ 2,147,483,647ን፣ «ጎዶሎ ሙሉ ቁጥር ነው» ብዬ ሰሌዳ ላይ ብጽፍ ተማሪዎቼ ሳቁ። «ኢ-ተጋማሽ» ልበል?

መልስ፦ ተማሪዎችዎ መሳቃቸው አይፈረድባቸውም። ጥፋቱ ግን የ«ጎዶሎ» አይደለም፤ የ«ሙሉ» ነው። ሙሉ ከግእዙ «ምሉእ» የወረደ ነው፤ ምልዓተ ጉባኤ ስንል የምናገኘው ያው ሥር ነው። በአገሬው አነጋገር ሙሉ ማለት ለሁለት ሲካፈል ቀሪ የሌለው ነው። በ2012 ዓ.ም. በኮሮና ሰሞን መኪኖች በሰሌዳ ቁጥራቸው በፈረቃ ይውጡ ሲባል፣ ሰው ሁሉ «ያንተ ሙሉ ነው ጎዶሎ?» ነበር የሚባባለው። ትምህርት ቤት ግን ቃሉን ወስዶ ክፍልፋይ ላልሆነው ሁሉ ሰጠው፤ ጎዶሎም ያለ ጓደኛ ቀረ።

«ጎዶሎ ነውር ያስመስላል፣ ቁጥሩ ምን ጎደለው?» የሚሉ አሉ። ጥንዱ ነዋ! እናቴ እንቁላል ሁለት ሁለት እያደረገች ስትቆጥር፣ መጨረሻ ላይ አንዱ ለብቻው ከቀረ «ጎደለ» ትል ነበር። የእርስዎ ቁጥርማ ጭራሽ ለቃሉ የተፈጠረ ይመስላል። 31 ሁለቶችን እርስ በርስ ቢያባዙ 2,147,483,648 ይመጣል፤ ከዚያ አንድ ሲጎድል የእርስዎ ቁጥር ነው።

«ኢ-ተጋማሽ»ን ጆሮዬ አይወደውም። «ኢ» የግእዝ አፍራሽ ነው፤ ኢ-ሰብአዊ፣ ኢ-ፍትሐዊ ሲባል ከዘመዱ ጋር ነው። ተጋማሽ ግን ከ«ገመሰ» የመጣ፣ «ሰ»ው ወደ «ሽ» የዞረ የአማርኛ ቃል ነው፤ ግእዝ ደግሞ «ሽ» የሚባል ፊደል የለውም። በማያውቀው ፊደል ላይ የግእዝ ቅጥያ መለጠፍ ምን ይሉታል? «የማይጋመስ» ቢሉት ምን ነበረበት?

ካነሱት አይቀር፣ ይህ ቁጥር ብቸኛም ነው፤ ከ1ና ከራሱ በቀር ያለ ቀሪ የሚያካፍለው የለም። ይህንን የሒሳብ ሊቁ ኦይለር በ1772 እ.ኤ.አ. አረጋግጧል። «ብቸኛ» የተባለው ስያሜ ደስ ይለኛል። «ብቻ» ከግእዙ «ባሕቲት» ጋር ሥሩ አንድ ነው፤ ባሕታዊም ከዚያው ነው። ከማንም ጋር የማይካፈል ቁጥር ከባሕታዊ ሌላ ምን ይባላል?

ወደ ሰሌዳዎ ስመለስ፦ መጻሕፍቱም ፈተናውም «ኢ-ተጋማሽ» ይላሉ፤ ልጆቹም የሚያውቁት እሱን ነው። ስለዚህ፣ እያመመኝም ቢሆን፣ «ኢ-ተጋማሽ ሙሉ ቁጥር» ብለው ይጻፉ። በቃል ሲያስረዱ ግን «አንድ የጎደለው ጎዶሎ» ይበሉልኝ።