«መ» ለምን ተደፈነች?

አንድ የደሴ አንባቢ እንዲህ ይላሉ፦ «መጽሐፎቼ ሽፋን ውስጥ የምለጥፈው የስም ምልክት በዋንዛ ጣውላ ላይ ቀረጽኩ። 7 በ10 ሳንቲ ሜትር ነው። ዙሪያውን ቆፍሬ ፊደሉን ከፍ አድርጌ ተውኩት። ሲታተም ግን መ እና ወ ይደፈናሉ፣ ጥቁሩም ነጭ ነጥብ ይበዛዋል። ከስሜ ሌላስ ምን ልጨምርበት?»

ቀለሙን ቶሎ እንጨርስ። በዝቶብዎታል። መስታወት ላይ በሮለር በስሱ ይዳምጡትና እንጨቱን ደጋግመው ይቀቡ። የማተሚያ ቤት ቀለም ይሻላል። የግድግዳ ቀለም እንዳይሞክሩ!

ነጥቡ ከዋንዛው ነው። ለመሮ ገር ነው፣ ቀዳዳው ግን ሰፋ ይላል። በደቃቅ ብርጭቆ ወረቀት ቢያለሰልሱት ይቀንሳል። እኔ ግን ነጥቡን እወደዋለሁ፤ እንጨት መሆኑ ይታወቃል።

ዋናው ጣጣ ፊደሉ ነው። የእኛ ፊደል ሆድ ይበዛዋል። መ ሁለት አለው፣ ወም ሁለት። ጥቁር ፊደል ከፈለጉ እያንዳንዱን ሆድ በመሮ ጫፍ መቦርቦር ሊኖርብዎት ነው፤ ዙሪያው ክር ያክላል፣ ቀለምም ይሞላዋል። ስለዚህ ነገሩን ይገልብጡት። መደቡን ጥቁር ይተዉና ፊደሉን ራሱን ይቆፍሩ፤ ነጭ ሆኖ ይወጣል። ያኔ በመ ሆድ ውስጥ የሚቀሩት ሁለት ትንንሽ ጉብታዎች ናቸው። መሮውን ዘንበል አድርገው ይያዙ፤ የጉብታው ሥር ከአናቱ ይስፋ። ሥሩን ከሸረሸሩት በመጀመሪያው ጫና ብን ይላል።

ስሙን በስስ ወረቀት ይጻፉና ወረቀቱን ገልብጠው በካርቦን ያሳርፉት። መቅረጽ ከመጀመርዎ በፊት በመስታወት ያንብቡት። ሲያትሙ ወረቀቱን ከላይ አልብሰው ጀርባውን በማንኪያ ይሹ፣ ከመሃል ወደ ዳር።

ምን ልጨምር ላሉት፣ ጀርመናዊው ሠዓሊ ዲዩረር በ1500ዎቹ መጀመሪያ ለወዳጁ ለፒርክሃይመር በእንጨት የሠራው ምልክት «ለራሱና ለወዳጆቹ» ይላል። ቸር ሰው ነበር መሰለኝ። እዚሁ ቅርብዎ፣ የሐይቅ እስጢፋኖሱ ወንጌል ደግሞ አባ ኢየሱስ ሞዓ ለገዳሙ እንደሰጡት ይናገራል፤ 1280 ገደማ፣ በፈረንጆቹ። ተውሶ የማይመልስ ጓደኛ ካለዎት ግን የብራናዎቻችን የግእዝ ውግዘት፣ «ዘሰረቆ ወዘፈሐቆ» (የሰረቀውም የፋቀውም)፣ አለልዎት። ውግዘቱን ሙሉውን ልጻፍ እንዳይሉ ብቻ፤ በዚህ ስፋት ላይ የፊደሉ ቁመት ከ5 ሚሊ ሜትር ካነሰ መ እንደገና ትደፈናለች።