የከሰሰ አይወርስም፦ ቤታቸው ደሴ፣ ትረስታቸው አሜሪካ ለሆነ የወሎ ልጆች

አሜሪካ ኑዛዜ ወይም ትረስት (ንብረታችሁን ለወራሾች በአደራ እንዲያዝ የምታደርጉበት ሰነድ) ስታሠሩ ጠበቃው «ኖ ኮንቴስት» የሚባለውን አንቀጽ ላስገባ ወይ ይላችኋል። ኑዛዜውን ተቃውሞ ከሶ የተረታ ወራሽ ድርሻውን ያጣል ማለት ነው። አስገቡት፤ ግን የሚይዘው የሚያጣው ነገር ያለውን ሰው ብቻ ነው። ከ400,000 ዶላር ንብረት ላኮረፈው ልጅ 1,000 ዶላር ብትተዉለት ቢከስ ምን ይቀርበታል? 60,000 ከሆነ ግን ጠበቃ ከመያዙ በፊት ቁጭ ብሎ ያሰላል።

ስቴቱም ወሳኝ ነው። ፍሎሪዳ ውስጥ አንቀጹ አይሠራም። ቨርጂኒያ በጥብቅ ያስፈጽመዋል። የፖቶማክን ወንዝ ተሻግራችሁ ሜሪላንድ ከገባችሁ ግን ከሳሹ በቂ ምክንያት ካለው ድርሻው አይነካም፤ ካሊፎርኒያም እንዲሁ። ትረስቱን ባሻሻላችሁ ቁጥር አንቀጹን በማሻሻያው ላይ ድገሙት፤ ከሳሹ ያጣው ድርሻ ለማን እንደሚተላለፍም ይጻፍ።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ደሴ ወይም ኮምቦልቻ ባለው ቤት ነው። ክርክሩን የሚያየው የኢትዮጵያ ፍርድ ቤት ስለሆነ የቨርጂኒያውን አንቀጽ ተማምናችሁ አትተኙ። ለቅሶው ሳይወጣ ወንድምና እህት ችሎት ፊት ሲቆሙ ማየት ያንገበግባል፤ መነሻውም ብዙ ጊዜ የፎርም ጉድለት ነው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ እንደሚለው፣ በግልጽ የሚደረግ ኑዛዜ በተናዛዡና በ4 ምስክሮች ፊት ተነቦ ሁሉም ወዲያው ይፈርማሉ። መነበቡና ቀኑ ሰነዱ ላይ ካልሰፈረ ኑዛዜው ይፈርሳል፤ «በፊታችን ተነበበ» የምትለዋን መስመር አትርሱ። በእጃችሁ የጻፋችሁት ከሆነ ደግሞ በ7 ዓመት ውስጥ ውል አዋዋይ ወይም ፍርድ ቤት መዝገብ ቤት ካልተቀመጠ ዋጋ ያጣል። ልጅን ከውርስ ለመንቀልም ምክንያቱን በግልጽ መጻፍ ግድ ነው፤ በቂ መሆኑን ዳኛው ይመዝናል።

እስላሙም ክርስቲያኑም በአንድ ቤት በሚያድግበት በወሎ ይህንንም አስቡ፦ ተከራካሪዎቹ ፈቅደው ጉዳዩ ሸሪዓ ፍርድ ቤት ከሄደ ከንብረቱ ሲሶ በላይ የሆነ ኑዛዜ የወራሾችን ስምምነት ይጠይቃል።

የአሜሪካው ሰነድ መጀመሪያ ላይ «ከዚህ በፊት የተናዘዝኩትን ሁሉ ሽሬአለሁ» የሚል ዓረፍተ ነገር አይጠፋም። ሳታስቡት የደሴውን ኑዛዜ ይሽርባችኋል። ጠበቃውን «ኢትዮጵያ ያለውን ንብረቴን ከሚመለከተው፣ በዚህ ቀን ከተደረገው ኑዛዜ በስተቀር» ብሎ ቀኑን ጠቅሶ እንዲጨምር ንገሩት፤ በደሴውም ላይ የአሜሪካውን እንዲሁ አስጠቅሱ።