የቁም ሣጥኑ ቁልፍ

ልጆቼ፣ ባለፈው እሁድ እዚሁ ጅማ በእናንተ በወጣቶቹ የጸሎት ፕሮግራም ላይ ከኋላ ተቀምጬ ነበር። የክረምቱ ዝናብ ቆርቆሮውን ይደበድባል፣ እናንተ ደግሞ ከዝናቡ በላይ “በአጋንንትና በበሽታ ላይ ሥልጣን አለኝ!” እያላችሁ ትጮኻላችሁ። እኔም አሜን ብያለሁ። ቤት ገብቼ ቡና ሳፈላ ግን ነገሩ ከነከነኝ።

ብዙዎቻችሁ ሲስተር የምትሉኝ ነርስ ስለነበርኩ ነው። የክፍል ኃላፊ ሳለሁ ሞርፊንና ፔቲዲን የሚባሉት፣ ሱስ የሚያስይዙ ኃይለኛ የሕመም ማስታገሻዎች የሚቆለፉበት ቁም ሣጥን ቁልፍ እኔ ጋ ነበር። ሐኪም ካላዘዘ አንድ አምፑል፣ ማለትም አንዲት የመርፌ መድኃኒት ብልቃጥ፣ አይወጣም። ሲወጣ የበሽተኛው ስም፣ መጠኑና ሰዓቱ መዝገብ ላይ ይሰፍራል፣ ሁለት ሰው ይፈርማል። ባዶው አምፑል ሳይቀር ይመለሳል። ፈረቃ ስንቀያየር የቀረውን አንድ በአንድ ቆጥረን ነው የምንረካከበው።

መጀመሪያ ሰሞን ቁልፉ ኪሴ ውስጥ ሲንኳኳ ደስ ይለኝ ነበር፣ አልዋሽም። ደረቴን ነፍቼ አስታማሚ ላይ ጮኼአለሁ። ዛሬ ሳስበው ያሳፍረኛል።

ማቴዎስ 8 ላይ ለታመመ ብላቴናው ጌታን የለመነውን መቶ አለቃ ታውቁታላችሁ። ጌታ እምነቱን አደነቀለት። ሰውየው ስለ ሥልጣን ሲናገር ግን ከወታደሮቹ አልጀመረም፣ “እኔ ደግሞ ለሌሎች ተገዥ ነኝ” ብሎ ነው የጀመረው። ከበላዩ አዛዥ ስላለው ነው የእሱም ቃል የሚሰማው። እናንተን ግን ሽማግሌ “ልጄ፣ እዚህ ጋ ተሳስተሃል” ሲል ፊታችሁ ይጠቁራል።

ሉቃስ 10 ቁጥር 19ን በቃላችሁ ትወጡታላችሁ፣ እባቡንና ጊንጡን መርገጡን። ቁጥር 20ን ስንቶቻችሁ ታውቁታላችሁ? መናፍስት ስለ ተገዙላችሁ አትደሰቱ፣ ስማችሁ በሰማይ ስለ ተጻፈ ደስ ይበላችሁ ይላል። ይኼኛው ለመጮህ አይመችም መሰለኝ።

አሁን ወደሚያመኝ ልምጣ። አንድ ወጣት የሳንባ ነቀርሳ መድኃኒት ጀመረ። ሕክምናው 6 ወር ነው፤ 2 ወር አራት ዓይነት መድኃኒት፣ ከዚያ 4 ወር ሁለት ዓይነት። ሦስተኛው ወር ላይ ማሳሉ ቆመ፣ ሰውነቱም መለስ አለ። በሽታው ግን ገና አልለቀቀውም ነበር። የእናንተ ዕድሜ ያለ አንድ ሰባኪ “በተሰጠኝ ሥልጣን አውጃለሁ፣ ተፈውሰሃል፣ ኪኒኑን ጣለው” አለው። ጣለው። ደም እየተፋ ነው ተመልሶ የመጣው። እንዲህ ሲቋረጥ ጀርሙ መድኃኒቱን ሊለምድ ይችላል፣ ያኔ ማከሙ ሌላ ጣጣ ነው። ልጁ ዳነ፣ እግዚአብሔር ይመስገን። ሰባኪው ሊጠይቀው እንኳ አልመጣም።

እኔም ለበሽተኞቼ ጸልያለሁ፣ ኪኒናቸውን እየሰጠሁ። እግዚአብሔር ይፈውሳል፣ አምናለሁ። ደግሞስ ተፈወስኩ ያለ ሰው አክታውን ቢያስመረምር ምን ይጎድልበታል? ከለምጽ የነጻውን ሰው ጌታ ራሱ፣ መንጻቱን ለሚያየው ካህን ራስህን አሳይ ብሎ ልኮት የለ?

ዮሐንስ 13ን ደግሞ አንድ ማታ ብቻችሁን አንብቡት። አብ ሁሉን በእጁ እንደ ሰጠው እያወቀ ከማዕድ ተነሣ፣ ፎጣ ታጠቀ፣ እግር አጠበ። ስንት ጊዜ የሰው ፖፖ ካነሣሁ በኋላ ነው ይህች ቦታ የገባችኝ።

ጡረታ የወጣሁ ቀን አምፑሎቹን ከተተኪዬ ጋር ቆጠርን። ልክ ሆነ። ፈረምኩና ቁልፉን ሰጠኋት። ከዚያ በኋላ ሳምንት ሙሉ እጄ ኪሴን ሲዳብስ ነበር።