ከቀለሙ በፊት ሻንሲው

ጠያቂው ወንድማችን እንዲህ ብሏል፦ «አባታችን ትተውልን ያለፉት ላንድክሩዘር ፒክአፕ ደሴ ግቢያችን ውስጥ ቆማ ዝጋለች። ከእናቴና ከወንድሞቼ ጋር አድሰን ዘመናዊ ልናደርጋት አስበናል። ሰው ሁሉ ግን ለቁራሌው ስጧት ይለናል። ከየት እንጀምር?»

አብሽር ወንድሜ። ፈጣሪ የአባታችሁን ነፍስ ያሳርፍ። መኪናዋን ለማንም አትስጡ።

እኛም ቤት የእናንተ ዓይነት ነበረች። በፈረንጆቹ 1972 የተሠራች፣ ባለ 6 ሲሊንደር ቤንዚን ላንድክሩዘር 45። አባዬ ከሐይቅ ከተማ እህል ሲያመላልስባት ኖሮ 9 ዓመት ቆመች። ዛሬ በሳምንት ሁለት ሦስቴ ኮምቦልቻ ወርዳ ትመለሳለች። ሥራው ብዙ ጊዜ ፈጀብን፤ አብዛኛው የባከነው ደግሞ ከቀለም ስለጀመርን ነው።

ቶሎ አምራ ለማየት ጓጓንና መጀመሪያ ቀለም ቤት አስገባናት። ዝገቱን ቆርጠው ሳያወጡ በስቱኮ ሞልተው፣ ነጭ ቀለም ቀብተው ሰጡን። መስከረም ላይ ሙሽራ መስላ ነበር። በቀጣዩ ክረምት ከበሩ ሥር ቀለሙ ውሃ ቋጠረ። ትንሿ እህቴ በጥፍሯ ጫር ብታደርገው መዳፍ የሚያህል ስቱኮ ተገምሶ ወደቀ። ከጀርባው ላሜራ የሚባል ነገር አልነበረም፤ ቡናማ ዱቄት ብቻ። እህቴ ዱቄቱን በእጇ ይዛ ዝም ብላ አባዬን አየችው። ያን ቀን ያወጣነው ብር ሁሉ አንገበገበኝ።

ስለዚህ ከሻንሲው ጀምሩ፤ መኪናዋን ከሥር ከሚሸከመው ወፍራም ብረት ማለቴ ነው። የነዚህ መኪኖች ሻንሲ ውስጡ ባዶ ነው። ጭቃ ይገባበታል፣ የውሃ መውጫ ቀዳዳዎቹ ይደፈናሉ፣ የደሴ ዝናብና ጉም ሲታከልበት ከውስጥ ወደ ውጭ ይበላል። ከላይ ሲያዩት ግን ደህና ይመስላል። መፈተሻው መዶሻ ነው። እኛ ቤት ይህን የሠሩት እማዬና እህቴ ናቸው። እማዬ መኪናዋ ሥር ማዳበሪያ አንጥፋ ትገባና በትንሽ መዶሻ መታ መታ ታደርጋለች፤ እህቴ ጠመኔ ይዛ ትከተላለች። ጤነኛ ብረት እንደ ደወል ይጮሃል። የተበላው «ዱብ» ይላል። በሁለት ቅዳሜ 11 ቦታ ላይ ምልክት ተደረገ። ቡና ሊጠጡ የመጡ ጎረቤቶች ሳይቀሩ ጆሯቸው ለምዶ «ይሄስ ጤነኛ ነው» ይሉ ነበር።

መፍታት፣ መፋቅ፣ በብርጭቆ ወረቀት ማሸት፣ አንቲረስት (ዝገት መከላከያ) መቀባት የቤተሰብ ሥራ ነው። የሻንሲ ብየዳ ግን አይደለም፤ ለሱ ጥሩ በያጅ ፈልጉ። የተበላው ጤነኛ ብረት እስኪገኝ ድረስ ይቆረጥ፤ የሚለጠፈውም ብረት ከሻንሲው ውፍረት ጋር እኩል ይሁን። ከብየዳ በፊት ባትሪው ይነቀል፣ የቤንዚን ታንከሩም ይውረድ። «ባዶ ነው» ብላችሁ እንዳትተዉት፤ በታንከሩ ውስጥ የቀረው ትነት ከቤንዚኑ ይበልጥ ይፈነዳል። ሻንሲው ላይ የተመታውን ቁጥር ደግሞ ማንም በብረት መፍጫ ማሽን (ሞላ) እንዳይነካው። ከሊብሬው ጋር የሚመሳከረው እሱ ነው።

ቀጥሎ ፍሬን። ዘመናዊ እናድርጋት ስትሉ ብዙ ሰው የሚያስበው ቴፕና ወንበር ነው። መጀመሪያ ግን ቁልቁለቱን አስቡ፦ ከደሴ ኮምቦልቻ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ በዚያ ውስጥ ከ600 ሜትር በላይ ትወርዳላችሁ። የኛዋ በአራቱም እግር ታምቡር ፍሬን (ሸራው በዝግ ከበሮ ውስጥ ሆኖ የሚይዝ) ነበራት። አንድ ቀን አባዬ ጤፍ ጭኖ የሐረጎን ቁልቁለት ሲወርድ የተቃጠለ የፍሬን ሸራ ሸተተን። ፔዳሉን ሲረግጠው ወለል ድረስ ገባ። ማርሽ ቀንሶ በሞተር ይዞ አቆማት። ታምቡር ሲግል ሸራው መያዝ ያቅተዋል፤ ዲስክ ግን አየር ስለሚያገኝ ቶሎ ይበርዳል። እኛ ከኋለኞቹ ላንድክሩዘሮች የፊት ዲስክ አምጥተን ገጠምን። ከመግዛታችሁ በፊት ቸርኬው ካሊፐሩን (ዲስኩን ቆንጥጦ የሚይዘውን) እንደማይነካ ለኩ። የፍሬን ቧንቧውንና ዘይቱንም በሙሉ ቀይሩ። የቆየ ዘይት ውሃ ይስባል፤ ሲግል ይፈላል።

ሞተሩን በችኮላ አትቀይሩት። ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ አየሩ ስስ ነው። ካርቡሬተር (ቤንዚንና አየር ቀላቅሎ ለሞተሩ የሚሰጥ ዕቃ) ያለው ሞተር እዚህ ከጉልበቱ ሩብ የሚጠጋውን ያጣል፤ ቤንዚኑም ስለሚበዛበት ያጨሳል። የኛን «ሞቷል፣ ይቀየር» ያሉን ነበሩ። ካርቡሬተሩ ታጥቦ፣ የቤንዚን መርጫው በጠበበ ቀዳዳ ሲተካ ጭሱ ቀጥ አለ። መቀየር የግድ ከሆነ ግን አስቀድማችሁ መንገድ ትራንስፖርት ጠይቁ፤ የሞተር ቁጥሩ ሊብሬው ላይ አለ። ሊብሬው አሁንም በአባታችሁ ስም ከሆነ የወራሽነቱን ጉዳይ ዛሬውኑ ጀምሩ። እድሳቱ አልቆ ወረቀት መጠበቅ ያናድዳል።

የመብራት ሥራው የታናሽ ወንድሜ ነበር። አሮጌውን ሽቦ በሙሉ አውጥቶ፣ ፊውዝና ሪሌ (ከባትሪው በቀጥታ ለመብራቱ ኃይል የሚሰጥ ማብሪያ) አስገብቶ አዲስ ዘረጋ። ኤልኢዲ አምፖል በአሮጌው ፋና ውስጥ ሞክረን አወጣነው፤ ብርሃኑ ይበተንና በጉም ጊዜ ከፊት የሚመጣውን ሾፌር ያሳውራል። ሪሌ ሲገባለት የድሮው አምፖል ራሱ ቦግ ብሎ በራ። ባለ ሦስት ነጥብ ቀበቶም አሠርተናል፤ ማሰሪያው ከጀርባው ወፍራም ብረት ይለጠፍለት፣ በቀጭን ላሜራ ላይ ብቻ እንዳይታሰር። የኋላ ካሜራውን አባዬ መጀመሪያ ተቃወመ። አሁን ግቢ ሲገባ ዓይኑን ከሱ አይነቅልም።

ቀለም የመጨረሻው ነው። የኛን ወደ ድሮው ሰማያዊ መለስነው።

አሁን መዶሻና ጠመኔ ይዛችሁ ሥሯ ግቡ። «ዱብ» ያለውን ሁሉ አክብባችሁ ፎቶውን እዚሁ ለጥፉልኝ፤ በተለይ ከኋላ ባሌስትራው (ጭነቱን የሚሸከመው ተደራራቢ ብረት) የሚታሰርበትን። አይቼ የቱ እንደሚቆረጥ እነግራችኋለሁ።