ላባዋን ነፍታ የተኮራመተች ወፍ

ጥያቄ፦ ለተከበራችሁ የዝግጅት ክፍል፤ ከአንድ ዓመት በፊት ለልጆቼ ባጅሪጋር የምትባል ትንሽ አረንጓዴ በቀቀን ገዝቼ ነበር። የሽቦ ቤቷ ሳሎን ጥግ ላይ ተሰቅሏል፤ ቡና የምናፈላውም እዚያው ነው። ምግቧ ማሽላና ሱፍ ነው። ካለፈው ሳምንት ወዲህ ድምፅዋ ጠፍቶ ላባዋን ነፍታ ተኮራምታ ትውላለች፤ ስትተነፍስም ጅራቷ ከፍ ዝቅ ይላል። ጎረቤቴ ብርድ ነው ብላ ቴትራሳይክሊን በውኃዋ በጥብጬ እንድሰጣት መክራኛለች። ምናልባት ብቸኝነት ከሆነ ጓደኛ ልግዛላት? አንባቢያችሁ፣ ከአዲስ አበባ

መልስ፦ የተከበሩ ጠያቂያችን፤ የጅራቷን ሁኔታ አስተውለው መጻፍዎ በጣም ጠቅሞናል። ወፍ በዱር ደክማ ከታየች የአዳኝ ሲሳይ ስለምትሆን ሕመሟን እስከምትችለው ድረስ ትደብቃለች፤ በመሆኑም ተኮራምታ መዋሏና በየትንፋሿ ጅራቷ መነቃነቁ ሕመሙ ከቆየ በኋላ የሚታይ ከባድ ምልክት ነው። ሳይውሉ ሳያድሩ ወደ እንስሳት ሐኪም ይውሰዷት። ቴትራሳይክሊኑን እባክዎን አይስጧት፤ ክብደቷ ከ30 እስከ 40 ግራም ብቻ ለሆነ ፍጡር ለሰው የተዘጋጀን መድኃኒት በግምት መመጠን አደገኛ ነው፤ የታመመች ወፍም ውኃ የምትጠጣው ጥቂት ስለሆነ ምን ያህሉ እንደ ደረሳት ማወቅ አይቻልም። ሐኪም ዘንድ እስክትደርስ ድረስ ሙቅ ውኃ የተሞላ ጠርሙስ በፎጣ ጠቅልለው ከሽቦ ቤቷ ውጭ በአንድ ጎን ያስጠጉላት፤ ሙቀቱ ከበዛባት የምትሸሽበት ሌላኛው ጎን ነፃ ይሁን።

መንስኤውን የሚለየው ምርመራ ቢሆንም፣ ከደብዳቤዎ ውስጥ ያሳሰበን ቡናው የሚፈላበት ቦታ ነው። በወፍ ሳንባ ውስጥ አየር በአየር ከረጢቶች እየተገፋ በአንድ አቅጣጫ ስለሚያልፍ፣ ከእያንዳንዱ ትንፋሽ ብዙ ኦክስጅን የምትወስደውን ያህል በአየሩ ውስጥ ያለውን መርዝም አብዝታ ትወስዳለች። የብሪታንያ የድንጋይ ከሰል ቆፋሪዎች እስከ 1986 እ.ኤ.አ. ድረስ ካናሪ ይዘው ወደ ጉድጓድ ይወርዱ የነበረው ወፊቱ ከሰው ቀድማ በካርቦን ሞኖክሳይድ ስለምትወድቅ ነው። ከምድጃዎ ከሰል የሚወጣውም ይኸው ጋዝ ነው፤ የዕጣኑ ጢስ ደግሞ በላዩ ይጨመራል። ቡናውን ይተዉ ለማለት አንደፍርም። ከሰሉ ከመቀጣጠሉ በፊት ግን ወፊቱን ወደ ሌላ ክፍል ወስደው በሩን ይዝጉባት፤ ሳሎኑ በሚገባ ሳይናፈስም አይመልሷት። ቴፍሎን የተቀባ መጥበሻ ባዶውን ከመጠን በላይ ሲግል የሚወጣው ጋዝም ወፍን በደቂቃዎች ውስጥ ሊገድል ስለሚችል፣ ማድቤት ከቶ ማረፊያዋ አይሁን።

ማሽላና ሱፍ ብቻ የምትመገብ ወፍ ቫይታሚን ኤ ያንሳታል፤ እጥረቱም የመተንፈሻ አካሏን የውስጥ ሽፋን ስለሚጎዳ ለኢንፌክሽን ያጋልጣታል። ሱፉን ቀንሰው ጎመንና የተፈቀፈቀ ካሮት ያለማምዷት። ባጅሪጋር የማታውቀውን ምግብ ትፈራለችና ለቀናት ላትነካው ትችላለች፤ የታጠበ የጎመን ቅጠል ውኃው ሳይደርቅ ሽቦው ላይ ቢሰቅሉላት ግን ብዙ ጊዜ ጠብታውን ልትለቅም ቀርባ ቅጠሉን መቅመስ ትጀምራለች። አቮካዶ ለወፍ መርዝ ስለሆነ ልጆችዎ ከጭማቂያቸው እንዳያቀምሷት አደራ ይበሏቸው።

ጓደኛዋን በተመለከተ፣ ባጅሪጋር በመንጋ የምትኖር ወፍ ስለሆነች ሐሳብዎ መልካም ነው፤ ይሁን እንጂ ሳትድን አይግዙላት። ከዳነች በኋላም አዲሷን ወፍ ቢያንስ ለ30 ቀናት በሌላ ክፍል ለይተው ያቆዩ፤ የምግብና የውኃ ዕቃቸውም አይቀላቀል።