«የተቃጠለ» ወይስ «ያገለገለ»?

ጥያቄ፦ ቱሉ ዲምቱ አካባቢ ጋራዥ አለኝ። ከሞተር የሚወጣውን አሮጌ ዘይት «የተቃጠለ ዘይት» እንላለን። ሰሞኑን ግን «የተቃጠለ የኒውክሌር ነዳጅ በሌላ ሪአክተር መልሶ ይሠራል» የሚል አነበብኩ። የተቃጠለ ነገር መልሶ ምኑ ይሠራል? የተሳሳተው አማርኛው ነው ወይስ እኔ?

መልስ፦ አማርኛው ነው። ነገሩ ግን ቀድሞ ነው የተበላሸው። «ነዳጅ» ራሱ ከ«ነደደ» የወጣ ቃል ነው፤ ወሰደ ወሳጅ እንደሚል፣ ነደደ ነዳጅ። ሪአክተር ውስጥ፣ ማለትም የኒውክሌር ነዳጁ ሙቀት በሚሰጥበት ዕቃ ውስጥ፣ ደግሞ የሚነድ ነገር የለም። የዩራኒየም አቶም አስኳል ይሰነጠቃል፣ ሙቀቱም ከዚያ ይመጣል። ጭስ የለ፣ አመድ የለ።

«ነዳጅ» አንዴ ስለተለመደ ይቀመጥ። «የተቃጠለ» ግን ይቅር። የተቃጠለ አምፖል ይጣላል። የተቃጠለ ወጥማ ድስቱንም ይዞ ይሄዳል! ይህ ነዳጅ ግን ከተለመደው ሪአክተር ሲወጣ 95 በመቶ ገደማው ያው ዩራኒየም ነው። 1 በመቶ ያህሉ እዚያው ሪአክተሩ ውስጥ ከዩራኒየም የተፈጠረ ፕሉቶኒየም ነው፤ እሱም ነዳጅ ይሆናል። እውነተኛው ቆሻሻ 4 በመቶ ቢሆን ነው። ስለዚህ እኔ «ያገለገለ ነዳጅ» እላለሁ። ያገለገለ መኪና ሲባል ማንም «አበቃለት» ብሎ አይረዳም፤ እርስዎ ዘንድ መጥቶ ይጠገናል እንጂ።

«መልሶ መጠቀም» የሚለውም ሁለት ሥራ ያደባልቃል። ፈረንሳይ ውስጥ፣ ላ ሃግ ላይ፣ ያገለገለውን ነዳጅ ቆራርጠው በናይትሪክ አሲድ ያሟሙታል። ዩራኒየሙንና ፕሉቶኒየሙን ለይተው ያወጣሉ። ይህ «ዳግም ማቀነባበር» ነው። ፕሉቶኒየሙ ከዩራኒየም ጋር ተቀይጦ ሞክስ የሚባል ነዳጅ ሆኖ ሪአክተር ሲገባ ነው «መልሶ መጠቀም» የሚባለው።

የደቡብ ኮሪያና የካናዳ ተመራማሪዎች ደግሞ ሌላ መንገድ አጥንተዋል። ፕሉቶኒየሙን ሳይለዩ፣ ነዳጁን አድቅቀውና እንደገና ቅርጽ አስይዘው፣ በከባድ ውሃ (ሃይድሮጅኑ ከተለመደው በሚከብድ ውሃ) ለሚሠራው፣ ካንዱ ለሚባለው የካናዳ ሪአክተር መስጠት። እኔ ይህን ሳነብ ጀበና ነው የታየኝ። አቦሉ ይቀዳል፣ ቡናው ሳይደፋ ውሃ ይጨመርና ቶና ይሆናል። «ቶና ነዳጅ» ቢባል ደስ ባለኝ፤ ግን ማን ይሰማኛል።

ካነሱት አይቀር፣ «ፈጣን ሪአክተር» የሚሉም አሉ። ሪአክተሩ የትም አይሮጥም፤ ፈጣኑ ኒውትሮኑ፣ አስኳሉን መትቶ የሚሰነጥቀው ቅንጣት፣ ነው። ሩሲያ ቤሎያርስክ ያለው፣ እ.ኤ.አ. በ2022 ሙሉ በሙሉ ሞክስ የተሞላው ቢኤን-800 የዚህ ዓይነት ነው። «የፈጣን ኒውትሮን ሪአክተር» ቢባል ይሻላል።

የእርስዎን «የተቃጠለ ዘይት» ግን አይንኩት። እሱም ተጣርቶ እንደገና ዘይት መሆን ይችላል። ቢሆንም ደንበኛዎን «ያገለገለ ዘይት» ቢሉት፣ መልሰው ሊሞሉበት መስሎት መኪናውን አስነስቶ ይሄዳል።