የማዝዳ 13ቢ ሴንሰሮች አውሮፕላን ላይ ይሠራሉ ወይ?

ወንድሜ፣ ከማዝዳ አርኤክስ 7 መኪና የወረደ 13ቢ ሞተር (በፒስተን ፈንታ ሁለት ሮተር ያለው) ራስህ በምትሠራው አውሮፕላን ላይ ልትገጥም ነው። የመኪናውን ሴንሰሮች እንዳሉ ልጠቀም ወይ ብለሃል። አብዛኞቹን ተጠቀም፣ እኔም የምበረው በነሱ ነው። ጣጣው ብዙውን ጊዜ ከሴንሰሩ ሳይሆን ከሚቀመጥበት ቦታና ከሽቦው ነው የሚመጣው።

ከውሃ ሙቀት ሴንሰሩ እንጀምር። ሙቀቱ ሲጨምር ሬዚስታንሱ ይወርዳል፤ 20 ዲግሪ ላይ 2.5 ኪሎ ኦህም፣ 80 ላይ 0.3 ገደማ ነው። ከመግጠምህ በፊት ጫፉን ከቴርሞሜትር ጋር ውሃ ውስጥ ነክረህ፣ ቀስ እያልክ እያሞቅህ በመልቲሜትር ለካው። የሚፈላ ውሃን ግን 100 ዲግሪ ነው ብለህ አትመን፤ ከፍ ያለ ቦታ ላይ ውሃ ከዚያ በታች ይፈላል።

አሁን የምነግርህን አደራ አትርሳ። ሴንሰሩ የሚለካው የነካውን ብቻ ነው። ውሃው ፈስሶ ካለቀ ጫፉ አየር ላይ ይቀራል። ያኔ ሞተሩ እየነደደ ጌጁ ዝቅ ብሎ ያሳይሃል፤ አንተም ሰላም ነው ብለህ ትበራለህ። በ13ቢ ላይ ይህ ከባድ ነው፤ አሉሚኒየሙና ብረቱ ተነባብረው ስለታሰሩ ሲግል የውሃ ጎሚኒዎቹ ይበላሻሉ። ስለዚህ የውሃ ግፊት ሴንሰር ጨምርበት። ሲስተሙ ሲሞቅ ግፊት ይይዛል፤ ፍሳሽ ካለ ከሙቀቱ ቀድሞ ግፊቱ ይወርዳል። አንድ ሴንሰር ብቻ ጨምር ብትለኝ የምመርጠው ይህን ነው።

የዘይት ግፊት ሴንሰሩን ሞተሩ ላይ በቀጥታ አትሰር። ከባድ ነው፣ አንገቱ ቀጭን ነው፣ ንዝረቱ ቆይቶ ይሰብረዋል። ከተሰበረ ዘይቱ በሙሉ ይወጣል። በተጣጣፊ ቱቦ አውጥተህ ፋየርዎሉ (ሞተሩን ከካቢኑ የሚለየው ግድግዳ) ላይ እሰረው። የማሰሪያውን ጥርስም አስተውል፦ የጃፓኑ አንድ ስምንተኛ ኢንች በኢንች 28 ጥርስ፣ የአሜሪካው 27 ነው። መጀመሪያ ላይ ይገባል፣ ይጠብቃልም፣ ልክ ይመስላል፤ በኋላ ግን ያንጠባጥባል።

ባለ አንድ ሽቦ ሴንሰር መሬቱን (ወደ ባትሪው ኔጌቲቭ የሚመለሰውን መስመር) የሚያገኘው በሞተሩ አካል ነው። መብራት ስታበራ ጌጁ ከተንቀሳቀሰ ችግሩ የመሬት ሽቦው ነው። ከሞተሩ ብሎክ እስከ ባትሪው ኔጌቲቭ ወፍራም ሽቦ ዘርጋ። ለጌጁና ለኢሲዩው (ሞተሩን ለሚቆጣጠረው ኮምፒውተር) ደግሞ ለየብቻ ሴንሰር ይኑራቸው። ከአንዱ ብትጠልፍ የኢሲዩው ንባብ ይዛባል፣ የነዳጁ መጠንም አብሮ ይዛባል።

አርፒኤሙ (ሞተሩ በደቂቃ የሚዞረው ብዛት) ቀላል ነው። ዘንጉ አንዴ ሲዞር ሁለት ፍንዳታ ስላለ ታኮሜትሩን (የዙሩን ጌጅ) እንደ ባለ አራት ሲሊንደር ሞተር አስተካክለው።

የኦክስጅን ሴንሰሩን እርሳስ ያለበት የአውሮፕላን ነዳጅ ይገድለዋል። ይህን ነዳጅ የምትጠቀም ከሆነ ሴንሰሩን እንደ አላቂ ዕቃ ቁጠረው፤ ኢሲዩው በሴንሰሩ እየተመራ ነዳጅ እንዳይቀንስም ይህን ማስተካከያ ኢሲዩው ላይ ዝጋው።